ክቡር አንቀጽ ሳያነቡ አይስማሙም

ፈጣሪ ለየቤተሰቡ አንድ ፍሬን ሰጥቷል። እኛ ቤት የለም እንዳትሉኝ፤ አለ። ሁሉም ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ሲቆም «ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለች» የሚለው ሰው እሱ ነው። ከክኒኑ በፊት ከክኒኑ ጋር የታጠፈችውን ወረቀት የሚውጥ፣ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ ገልብጦ ጀርባውን የሚያነብ፣ የዋስትና ካርድ ላይ «ወዘተ» የምትል ቃል ካገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። እና በዚህ ዘመን፣ ዓለም በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ «እስማማለሁ» የምትለዋን ሳጥን በአውራ ጣቱ ደፍጥጦ በሚያልፍበት ዘመን፣ እሱ ብቻ መነጽሩን ጠራርጎ ከአንደኛው መስመር ይጀምራል።

የእኛ ቤት ፍሬን የእህቴ ባል ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የቤት ኪራይ ውል ሲያረቁ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ በእህቴ ልብስ ስፌት ቤት ጥግ፣ ከካውያው ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ይዘው ተሰየሙ። ስም አላቸው፤ በእሱ የሚጠራቸው ሰው ግን የለም። ሰፊዎቹ «ክቡር አንቀጽ» ብለው አወጡላቸው። ሲሰሙ ይቆጣሉ ብለን ትንፋሻችንን ስንይዝ፣ ቀና ብለው «የትኛው አንቀጽ?» ሲሉ ጠየቁ። ስሙ ያን ቀን ጸደቀ።

እኔ በዚያው ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። ሥራዬ መቁረጥ ነው። እሳቸው ደግሞ ነገር ሳያልቅ እንዳይቆረጥ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ሁለታችንን በአንድ ክፍል ማዋል መቀስና ድንጋይ በአንድ ኪስ እንደመያዝ ነው፤ መቀሱ ማን እንደሆነ፣ በየቀኑ ማን እንደሚዶለዱም አልነግራችሁም።

ልጆቻቸው ተዋጥተው አዲስ ስልክ ገዙላቸው። ዘመናዊ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ቤተሰቡ ከበባቸው፣ ካርቶኑ ተከፈተ፣ ስልኩ በራ፣ የመጀመሪያዋ ጥያቄ መጣች፦ ይስማማሉ?

«ልጠጋ፣ መብራት አምጡ» አሉ።

ኬኩ ተበላ። እንግዶቹ ሄዱ። ሳህኑ ታጠበ። ሴት ልጃቸው መጥታ «አባዬ፣ ተጫነውና እንገላገል!» አለቻቸው። «ልጄ፣ ያልገባኝን ነገር ተስማምቼ አላውቅም፤ እናትሽን ያገባኋት እንኳ ጠይቄ ጠይቄ ነው» አሏት። እህቴ ከጓዳ ሆና «እኔ ግን ሳልጠይቅ ገባሁበት!» ስትል ሰማናት። ስልኩ፣ እሳቸው በየማታው ጥቂት ጥቂት አንብበው እስኪጨርሱ፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከረመ፤ እሳቸው በአሮጌው ስልክ «ሃሎ? ሃሎ?» እያሉ ይጮሃሉ።

በመጨረሻ ተስማሙ። ከዚያ የእጅ ባትሪ የሚሆን ፕሮግራም ሊጭኑ ሞከሩ። ፕሮግራሙ የስልክ ማውጫቸውን ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ! «ባትሪ ነኝ ነው የሚለው! ባትሪ የአክስቴ ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ብርሃን ሊሰጠኝ ነው ወይስ ዘሬን ሊቆጥር?» ያን ዕለት ማታ በሻማ ነው የጨረሱት።

ፀጉር ቤትስ? እባካችሁ ከእሳቸው ጋር ፀጉር ቤት እንዳትሄዱ። ኢንተርኔት በነፃ ነው ተብሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እኛ በነፃ ገባን። እሳቸው ወንበሩ ላይ አንገታቸው በጨርቅ ታስሮ፣ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ እንደ ቁጥቋጦ ቆሞ፣ እጃቸውን ከነስልኩ ከጨርቁ ሥር አውጥተው ፀጉር ቆራጩን አስቆሙት።

«ይቅርታ፣ እዚህ ጋ 'እኛ መረጃዎን ልናካፍል እንችላለን' ይላል። ማነው 'እኛ'?»

«እኔ ፀጉር ነው የምቆርጠው፣ ጋሼ።»

«እኮ፣ አንተ ከ'እኛ' ውስጥ አለህበት ወይስ የለህበትም?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ጣራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንገባ ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል ይለናል።

«መስማማት ለሁለት ነው» ይላሉ ደጋግመው፣ ጣታቸውን እንደ ስፒል አቁመው። «ለብቻ ከሆነማ መታዘዝ ነው።» ይህችን አባባል ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ለማስታረቅ የሄዱ ጊዜ ሰምቻታለሁ። እርቁ ፈረሰ።

እንግዲህ ዋናው በደል የሚጀምረው እህቴ የልብስ ንድፍ የሚሠራ ሶፍትዌር የገዛች ጊዜ ነው። እትዬ (ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት) በዚያ ሰፈር የታወቀችው በቀላል ልብስ አይደለም። ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ እምቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው ወደ እሷ የሚመጡት፦ አንድ ትከሻዋ የወረደ፣ ወገቧ የተጣመመ፣ በሕመም ምክንያት ጡቷን ያጣች። መጋረጃውን ትስብና ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቀስ ብላ እያወራች ትለካለች። ሴቶቹ ሲወጡ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ያንን ሁሉ ንድፍ በቡናማ ወረቀት እየቆረጠች በሚስማር ላይ ትሰቅል ነበር፤ አይጥ ሲጀምረው ሶፍትዌር ግዢ አልናት።

ፕሮግራሙ በታሸገ ካርቶን መጣ። ክቡር አንቀጽ ተቀብለው አገላበጡት። ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማሸጊያውን በመክፈትዎ በውስጡ በሚገኘው ውል እንደተስማሙ ይቆጠራል።»

ፊታቸው ቀላ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

«ውሉ የት ነው ያለው?»

«ከውስጥ» አልኩ።

«ውሉን ለማንበብ ምን ማድረግ አለብኝ?»

«መክፈት።»

«ከከፈትኩስ?»

«ተስማምተዋል።»

«ይሄ ውል ነው ወይስ የአይጥ ወጥመድ?»

ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ወስደው በፀሐይ ብርሃን ሊያነቡት ሞከሩ። በካውያ እንፋሎት ማሸጊያውን ለማላቀቅ አሰቡ፤ ከዚያ ራሳቸው «አይ፣ እሱም መክፈት ነው» ብለው ተዉት። ሦስት ሙሽሮች ልክ ሊያዩ ቆመው፣ እትዬ ስፒል በአፏ ይዛ፣ እኔ መቀሴን እያንቀጫቀጭኩ፣ ሰውዬው ካርቶን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ይወዘውዛሉ! ብጮህ ማን ይፈርድብኛል?

መፍትሔ አገኙ፤ መፍትሔያቸው ግን ከችግሩ የባሰ ነበር። ፕሮግራሙ እንዲሠራ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችውን የመመዝገቢያ ካርድ ሞልቶ ለኩባንያው በፖስታ መላክና የመክፈቻ ቁጥር መቀበል ያስፈልጋል። ክቡር አንቀጽ ከካርዱ ጋር የራሳቸውን ውል በስፒል አያይዘው በአደራ ደብዳቤ ላኩ። እንዲህ የሚል፦ በዚህ ፕሮግራም የሚሠራ ንድፍና የሚመዘገብ የማንም ሰው ልኬት የልብስ ሰፊዋና የባለልኬቷ እንጂ የማንም አይደለም። ይህ ውል ያለ ሁለታችን ፊርማ አይለወጥም። ይህን ተቀብላችሁ የመክፈቻ ቁጥሩን ከላካችሁ እንደተስማማችሁ ይቆጠራል።

ሳቅን። እትዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ከካርቶን ጋር ትዋዋላለህ?»

«እነሱ ከእኔ ጋር በካርቶን ከተዋዋሉ፣ እኔ ከእነሱ ጋር በስፒል ብዋዋል ምን ነውር አለው?»

ቁጥሩ በመልስ ፖስታ መጣ። ክቡር አንቀጽ እንደ ንጉሥ ተነስተው ካርቶኑን በራሳቸው እጅ ከፈቱ። ነገሩም ተረሳ፤ በእኛ በኩል ማለቴ ነው።

ዓመታት አለፉ። የሠርግ ወቅት መጣ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ስክሪኑን የሸፈነ ሳጥን አገኘች፦ «ውላችን ተሻሽሏል። ለመቀጠል ይስማሙ።» ከሥሩ ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ «እስማማለሁ»፣ ሌላው «ዝጋ»። ሲዘጋ ፕሮግራሙም አብሮ ይዘጋል።

ቅዳሜ የምታገባ አስተማሪ አለች። ከታመመች በኋላ አንድ ጡት የላትም። እትዬ ለእሷ የሠራችው ንድፍ የወራት ልፋት ነው፦ ውስጡ በስውር የተሞላ፣ ስትታጠፍ የማያጋልጥ፣ ስትጨፍር የማይንሸራተት። ልኬት እንደገና ይወሰዳል፤ ያ ንድፍ ግን በአራት ቀን ከዜሮ አይነሳም። ጨርቁ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። ንድፉ ከሳጥኑ ጀርባ ነው።

አውራ ጣቴን ዘረጋሁ። ክቡር አንቀጽ ስክሪኑን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ይነበባል» አሉ።

አሁን ሳልበሳጭ ላብራራ። በዚያ ሰሞን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘዋል፤ ሰው ከሰው ይለያሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። እንደዚያ ሆነውም ነው «ይነበባል» የሚሉት! ማን እንደሚያነብ ታውቃላችሁ። እኔ! ጨርቅ ቆራጩ! ሠርግ ደርሶ፣ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ እኔ እንደ ዳዊት ደጋሚ ስክሪን ፊት ቆሜ ውል ላነብ!

አነበብኩ፤ እየተማረርኩ፣ እየዘለልኩም። ስዘል ያውቁብኛል፦ «ተመለስ። ከ'ነገር ግን' በፊት ያለውን።»

«'ፕሮግራሙ አልተሸጠልዎትም፤ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ተሰጥቶዎታል።'»

«ከፍዬ?» አለች እትዬ።

«ከፍለሽ» አሏት።

«ታዲያ የገዛሁት ምንድነው?»

«ወንበሩን አይደለም፤ የመቀመጥ ፈቃድ ነው። ቀጥል።»

«'ይህን ውል በማንኛውም ጊዜ፣ ያለ ማስታወቂያ መለወጥ እንችላለን።'»

«ይሄ ውል አይደለም፤ የአየር ጠባይ ነው። ቀጥል።»

«'ተጠቃሚው ውሉን ባያነብም እንኳ እንደተስማማ ይቆጠራል።'»

«ይህችን ያዛት። ስንተኛ ናት?»

«ሦስተኛ አንቀጽ።»

«ሦስተኛ። ቀጥል።»

ከዚያ ዘጠነኛዋን አነበብኩ። «'በፕሮግራሙ የተሠሩ ንድፎችንና የተመዘገቡ ልኬቶችን፣ ከባለቤቶቻቸው ስም ጋር ጨምሮ፣ እኛና አጋሮቻችን አገልግሎታችንን ለማሻሻል፣ ለማስተዋወቅ፣ ወዘተ ልንጠቀምባቸው እንችላለን።'»

መቀሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ይህ ቁጥር ብቻ አይደለም እንግዲህ። የሴቶች ገላ ነው። ከመጋረጃው ኋላ በሹክሹክታ የተነገረ፣ እናት እንኳ የማታውቀው። «ወዘተ» ተብሎ፣ ከስማቸው ጋር! ማን ናቸው አጋሮቻቸው? የጡት መያዣ ሻጭ? መድን? ሌላስ ማን?

እትዬ ግን ጭንቀቷ ሌላ ነበር። ስትናደድ ባሏን አንቱ ትላለች፤ ያን ጠዋት አንቱ አለቻቸው። «እርስዎ ያንብቡ! ልጅቷ ቅዳሜ ራቁቷን ትዳር? ልስማማና ልሥራ፤ የኔ ሥራ ነው፣ የኔ ንድፍ ነው!»

«ስለራስሽ ተስማሚ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስለ እነሱ ማን ወከለሽ?»

ዞር ስንል አስተማሪዋ በር ላይ ቆማለች። ለልክ ነው የመጣችው። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም፤ ዘጠነኛዋን ግን ሰምታለች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ «እኔ ለእትዬ ነው የነገርኩት» አለች።

እትዬ «እስማማለሁ»ን ሊጫን የተዘረጋ እጇን ሰበሰበች።

«ስልክ አምጣ» አሉኝ ክቡር አንቀጽ።

ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ለኩባንያው ደወልኩ። የተቀረጸ ድምፅ «ውይይቱ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀረጻል» አለ። ክቡር አንቀጽ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቅማሙ፣ «እስማማለሁ» አሉ። «እኛም እንቀርጻለን።» አስተማሪዋ በዚያ ሁሉ መሀል ፈገግ አለች።

ከአንዱ ወደ ሌላው ተገላበጥን። ጣዕመ ዜማ አዳመጥን። አንዱ ፕሮግራሙን አጥፍተው ያብሩት አለን። ሌላዋ ካልተስማሙ መተው መብትዎ ነው አለችን፤ «ንድፋችንን እናንተ ጋ አስቀርተን?» ስንላት መስመሩ ተቋረጠ። ክቡር አንቀጽ እንደገና አስደወሉኝ። ያኔ እኔም ቁጥሩን እየደበደብኩ ነበር የምደውለው፤ ንዴቴ ግን በእሳቸው ላይ አልነበረም። በመጨረሻ የሕግ ክፍል ባለሙያ ናት የተባለች አንዲት ጨዋ ድምፅ መጣች። ክቡር አንቀጽ የላኩትን ውል ከነቀኑ በቃላቸው አነበነቡላት። እሷም ፋይል ፈልጋ ተመለሰች።

«አባቴ፣ ያሉት ወረቀት በእርግጥ አለ። ግን ከካርዱ ጋር ተያይዞ ነው የመጣው። ካርድ የሚቀበለው ክፍል ውል የመዋዋል ሥልጣን የለውም።»

«እኛ ዘንድ ሳጥኗን በአውራ ጣቱ የሚደፈጥጣት ጨርቅ ቆራጩ ነው። እሱስ ሥልጣን አለው?»

አሁን ይህ ምን አመጣው? እኔ ምን አደረግኳቸው?

«ደግሞ ማንም አላነበበውም፣ አባቴ» አለች።

«ልጄ፣ የእናንተ ሦስተኛ አንቀጽ ምን ይላል?»

የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

«አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ታሟል።»

«'ተጠቃሚው ውሉን ባያነብም እንኳ...'» ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

«ታዲያ አለማንበብ ለእኛ ሲሆን ግዴታ፣ ለእናንተ ሲሆን ማምለጫ ነው? እኔ የእናንተን እስከ ነጥቧ አስነብቤአለሁ። እናንተ የኔን አንድ ገጽ አላነበባችሁም። መስማማት ለሁለት ነው፣ ልጄ። ለብቻ ከሆነማ...»

«መታዘዝ ነው!» አልን፣ እኔ፣ እትዬ፣ ሰፊዎቹ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ። ሳናስበው ነው የወጣን።

የሕግ ባለሙያዋ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚህ ሥራ ከገባሁ አንብቦ የደወለ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። «ለአለቃዬ ላቅርበው።»

በነጋታው ወደ ማታ ላይ መልእክት መጣ። «ለመልካም ግንኙነት ሲባልና ምንም ዓይነት ኃላፊነት ሳናምን» የእትዬ ስፌት ቤት በቀድሞው ውል ይቀጥላል፤ ንድፎቹንና ልኬቶቹንም ወደ ራሷ ማስቀመጫ ማውጣት ትችላለች። ሳጥኑ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። ፍርድ ቤት ቢሆን ማን ይረታ እንደነበር አላውቅም፤ የጠየቅኳቸው ሁለት ጠበቆች ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥተውኛል። ሰፊዎቹ እልል አሉ። ክቡር አንቀጽ ግን ካውያው ጋ ቆመው ይንጨረጨራሉ።

«'ለመልካም ግንኙነት ሲባል!' ቸርነት አደረጉት! መብቴን ቸርነት አደረጉት! መልሱ ይጻፍ!»

«እርስዎ ይፍቀዱልን፤ መጀመሪያ እንስፋ፣ ከዚያ ያኮርፋሉ» አለች እትዬ፤ ስታልፍ ግን የሸሚዛቸውን ኮሌታ አቃናችላቸው።

ያን ሌሊት ቆረጥኩ፣ እሷ ሰፋች። ቅዳሜ አስተማሪዋ ጨፈረች፤ ስትታጠፍም ስትነሳም ልብሱ ቃሉን ጠበቀ። እኔ ከግድግዳው ሥር ቆሜ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ለማክሰኞው የስልክ ጦርነት ሲሉ ያሳለፉት የዓይን ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ተተካ። ሸኝቻቸው ሄድኩ። ነርሷ የስምምነት ቅጽ አምጥታ ብዕር ሰጠቻቸው። ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «አንብብልኝ።»

መቼም ለምጄዋለሁ። ተቀመጥኩና ከአንደኛው መስመር ጀመርኩ። ሳልዘል። ወረፋው ኋላችን ረዘመ፤ አንድ ሰውዬ ሳል ሳል አደረገ፣ አንዲት ሴትዮ ሰዓቷን አየች። አራተኛው መስመር ላይ ቆምኩ።

«ይቅርታ እህት» አልኳት ነርሷን፣ «እዚህ ጋ 'እኛ' ይላል። ማነው 'እኛ'? ቀዳጁ ሐኪም አለበት?»

ነርሷ አብራራችልኝ። አልበቃኝም፤ ደግማ አብራራች። ስጨርስ ክቡር አንቀጽ ብዕሩን አንስተው፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ፣ ያላዩትን ወረቀት ፈረሙ።

«ምነው ጋሼ? ሳይከራከሩ?»

«አንተ አንብበኸዋላ» አሉ፣ እንደ ምንም ነገር።

ነርሷ ቅጹን ይዛ ስትሄድ፣ ለጓደኛዋ አንገቷን እየነቀነቀች «በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም» ስትል ሰማኋት። ወደ ክቡር አንቀጽ ዞርኩ፣ ተቀይመው እንደሁ ብዬ። በታመመ ዓይናቸው እኔን እያዩ ይስቃሉ።